ቁልቁለት ላይ የነዳጅ ሰልፍ

ከቤቴ ዕቃ ሲጠፋ ሌባ አልጠረጥርም። ሌባ ቢሆን ጥንዱን ይወስድ ነበር። ግራውን ነጠላ ጫማ ትቶ ቀኙን ብቻ የሚያነሳ፣ መጋረጃውን ሳይነካ ዘርፉን ብቻ ገፎ የሚሄድ፣ ከበሩ ማጠፊያ አንዷን ቡሎን መርጦ የሚፈታ ሌባ አይቼ አላውቅም። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራው መኪና እየገጣጠመ ያለ ልጅ ብቻ ነው።

ጫማው ደግሞ ይመለሳል። ጠዋት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ሶሉ ላይ ግን ክብ ክብ ቀዳዳ አለው። የቆርቆሮ ክዳን አስቀምጠው ዙሪያውን በምላጭ ስለቆረጡት ለክቡ እንከን አይወጣለትም። ሁለት ከተረከዙ፣ ሁለት ከፊቱ። መሀሉ ስስ ስለሆነ ለጎማ አይሆንም፤ እሱን ለእኔ ትተውልኛል።

ሰፈራችን ሓወልቲ ነው፤ ለክፍለ ከተማው ስሙን የሰጠው የሰማዕታቱ ሐውልት ነው። መቀሌ ውስጥ አቅጣጫ የጠፋው ሰው ቀና ብሎ ያንን ሐውልት ይፈልጋል። የእኛ ሰፈር ልጆች ግን መንገድ የሚያዩት አጎንብሰው ነው። የሚፈልጉት ቁልቁለት ነዋ። አንዳንዱን መንገድ በሆዳቸው ተኝተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲለኩት ላየ ሰው የመንገድ መሥሪያ ቤት የቀጠራቸው ይመስሉታል።

ቁልቁለት ሁሉ ደግሞ ለመኪና አይሆንም። መቀሌ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ትልቁ ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ አቧራው ቀረ፣ ጭቃው ቀረ። ልጆቹን የጠየቀ አልነበረም። ከነጠላ ጫማ የተቆረጠ ጎማ በሁለት ድንጋይ መሀል ያለችው ስንጥቅ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። ጭነቱ ይረግፋል፣ ጋቢናው ይነቀላል። ስለዚህ አስፋልት ያላት አንዲት አጭር ቁልቁለት በእኛ ሰፈር ከመሬት ካርታ በላይ ክርክር አለባት።

መኪኖቹን ልንገራችሁ። ከነተሳቢያቸው ክንድ ከስንዝር ቢሆኑ ነው። ሻሲው የባሕር ዛፍ ወይም ከቲማቲም ሳጥን የተነቀለ ጣውላ ነው። ጋቢናው ከዘይት ቆርቆሮ ይቆረጣል፤ ከእርዳታ ስንዴው ጋር ይታደል የነበረው ዘይት የሚመጣበት ቆርቆሮ ነው። ላዩ ላይ ከአሜሪካ ሕዝብ የተሰጠ መሆኑን የሚናገር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። ልጆቹ ቆርቆሮውን ሲቆርጡ ጽሑፉን ሳይሆን የሚታጠፍበትን ቦታ ነው የሚያዩት። እናም አንዱ መኪና በሩ ላይ አሜሪካን ይዞ ሲወርድ ሌላው ሕዝቡን ብቻ ይዞ ይከተለዋል።

ባሌስትራው የተሰበረ የሰጌቶ ምላጭ ነው። የጎን መስታወቱ ከተጣለ ሲዲ ይሰበራል። የፊት መብራቱ ቆርኪ፣ የጭቃ መከላከያው የብስክሌት ከመነዳሪ። ከፊት መስታወቱ በላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ ከየት እንደመጣ ነግሬያችኋለሁ። ቀለሙ ደግሞ ከየግቢው በር የተረፈ ነው። መኪናውን አይቶ በቅርቡ በሩን ያስቀባው ማን እንደሆነ መናገር ይቻላል። ባለፈው ክረምት ማብቂያ የሰፈሩ መኪና በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ አንድ ጎረቤታችን ለልጁ ሠርግ ብሎ በር አስቀብቶ ነው።

አይሱዙ የሚሠራ ልጅ አላየሁም። ተሳቢ የለውማ። ሲኖ ትራክ ግን ይወደዳል። ትልቁ ሰው «ቀይ ሽብር» የሚል ስም ያወጣለት መኪና ነው። እኛ ስሙን ስንሰማ አንድ የምናስታውሰው ነገር አለን። ልጆቹ ግን «ቀይ» ከሚለው በኋላ ያለውን አይሰሙም፤ ቀይ ቀለም ያለው በር የማን እንደሆነ ለማሰብ ይሄዳሉ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከፊያት 682 ኤን ትሬ በኋላ መኪና ተሠርቷል ብለው አያምኑም። አንዱ አዛውንት ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸውን አስቀምጠው ኤን ትሬ ሲያስጀምሩት ሰምቻለሁ፤ ድምፁን ከነጉሮሮው፣ ማርሽ ከነመቀየሩ። ልጁ እስኪጨርሱ ሲያዳምጥ ቆይቶ «አባሓጎ፣ ይህ እኮ ሞተር የለውም» አላቸው። «ለዚህ ነዋ ድምፁን የማስተምርህ» አሉት።

ከዚያ ጽሑፉ ይመጣል። ጽሑፍ የሌለው የጭነት መኪና አገራችን ውስጥ የት አለ? «ምቀኛ አታሳጣኝ» ተሳቢው ጀርባ ላይ ይጻፋል። «ጊዜ ለኩሉ» ከጋቢናው በላይ። ሰሌዳው ኮድ 3 ነው፣ የንግድ። አንድ ብልጥ ልጅ ኮድ 4 ጽፎ መጣ፤ የመንግሥት ነው፣ ማንም አያስቆመኝም ብሎ። ሌሎቹ ተሰብስበው ከመከሩ በኋላ «እንግዲያው ቅዳሜና እሑድ መሄድ አትችልም» ብለው ወሰኑበት። ውድድሩ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በጥቁር ቀለም ወደ 3 አዞረው። ሌላው በተሳቢው ጀርባ ሙሉ «ኩሉ ይሓልፍ» ብሎ ጽፎ ወጣ። በዚያ ቀን ቁልቁለቱ ላይ እውነትም ሁሉም አለፈው።

ተሳቢ መሥራት እንግዲህ ለመቀሌ አዲስ ሙያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ለአገሩ ሁሉ ተሳቢና ቦቴ ሲበይድ የኖረው እዚሁ ነው። ስለዚህ በየሰፈሩ በያጅ አለ፣ ቀጥቃጭ አለ፣ ሁለቱንም ባይሆን አስተያየት ያለው ሰው አለ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚለው ተረት ጎረቤቶቼን ከየቤታቸው የሚያስወጣ ፈቃድ ነው። ልጁ መዶሻ አንስቶ ሁለተኛውን ሚስማር ሳይመታ ከኋላው አንድ ትልቅ ሰው ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ይንበረከካል። ከዚያ መዶሻው እጅ ይቀይራል። ልጁ ሚስማር ማቀበል ይጀምራል፤ ሲሰለቸው ኳስ ይሄዳል።

ከሁሉም የባሰው አናጢው ነው። ሱቁ ቁልቁለቷ አናት ላይ ነው፤ ፍርፋሪ እንጨት የሚለመነው እሱ ነው። መጀመሪያ ይቆጣል። ቀጥሎ የአፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት የሠራው ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ አናጢ እንደነበረ ይናገራል፤ ይህን የማይሰማ ልጅ እንጨት አያገኝም። ልጆቹ ታሪኩን በቃላቸው ይዘውታል። «ናሬቲ አናጢ ነበር» ብለው ይጀምሩለታል፣ እሱ ጭንቅላቱን ነቅንቆ ጣውላውን ያቀብላቸዋል። መቀሌ ውስጥ የእንጨት ፍርፋሪ ዋጋው ይህ ነው።

ሆኖም የተሳቢውን ነገር የፈታው አናጢው ነው፣ ይህን አልክደውም። ነገሩ እንዲህ ነው። ባዶ መኪና ቁልቁለት ላይ ይዘላል፣ ጠጠር ያስቆመዋል። ከባዱ መኪና ግን ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ጠጠርም ነፋስም አይበግረውም። ይህን ልጆቹ ራሳቸው ደርሰውበታል፤ ተሳቢው ላይ ድንጋይ ይጭናሉ። ችግሩ ድንጋዩን ከኋላ ጫፍ ሲጭኑት ነው። ጋቢናው ቀላል፣ ተሳቢው ከባድ ይሆናል። መሀል መንገድ ላይ አንዲት ጎማ ትንሽ ስትሰናከል ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል፣ ጋቢናው ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ሁለቱ ተቃቅፈው ቦይ ይገባሉ። ከአላማጣ በላይ ባለው ጠመዝማዛ የሚወርድ እውነተኛ ከባድ መኪናም የሚፈራው ይህንኑ ነው። አናጢው ድንጋዩን አንስቶ ከተሳቢው ፊት፣ መጎተቻው አጠገብ አሰረው። ከጋቢናው ሥር ደግሞ አንድ ወፍራም ቡሎን አስገባ። መኪናው ቀጥ ብሎ ወረደ። ልጆቹ ጮሁ። አናጢው ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ መጋዙ ተመለሰ፤ ማታ ግን ነገሩን ለሚስቱ፣ ለሚስቱ እናት እና ለእኔ ነገረን።

አሁን ወደ ውድድሩ። ውድድሩ ከላይ እስከ ታች አንድ ደቂቃ አይሞላም። የሚነዳው ቁልቁለቱ ነው። መኪናው ይለቀቃል፤ ከታች ይደርሳል ወይም ይገለበጣል። ለዚህች አንድ ደቂቃ ለማትሞላ ነገር ልጆቹ ከምሳ በኋላ ወጥተው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይሠለፋሉ። ምን ለማድረግ ቢባል፣ ነዳጅ ለመቅዳት።

አልቀለድኩም። ቁልቁለቷ አናት ላይ ማደያ አለ። ቢጫ ጄሪካን ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ከአፉ አጭር ጎማ ወርዷል። ቀጂው ቆብ ያደረገ ልጅ ነው። ከፊቱ መኪኖቹ በገመድ እየተጎተቱ ተራ ይዘዋል። ባለቤቶቹ አጠገባቸው ቁጢጥ ብለዋል፤ አንዳንዱ መኪናው ሥር አንገቱን አስገብቶ የተኛ መስሏል። ሦስት መኪና እንደተቀዳ ቀጂው ተነስቶ «አልቋል!» ይላል። ማንም አያጉረመርምም። ጠጠር ጨዋታ ይጀመራል። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ልጅ የውሃ ጠርሙስ በጎኑ የታሰረበት መኪና እየጎተተ ይደርሳል፤ ቦቴው መጣ ማለት ነው። ሰልፉ ይነሳል።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። «ሞተር ለሌለው መኪና ነዳጅ ምን ያደርግለታል?» ብዬ ከሰልፉ መጨረሻ የቆመውን ጠየቅሁት። ዘጠኝ ወይ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ሊያስረዳኝ ሞከረ፣ ከየት እንደሚጀምር ግን ጠፋው። በመጨረሻ «ኣያ፣ ሳይሠለፍ የሚሄድ መኪና አይተው ያውቃሉ?» አለኝ።

ለዚህ ልጅ መልስ የለኝም። ነፍስ ማወቅ የጀመረው በጦርነቱ ነዳጅ ወደ ትግራይ በማይገባበት፣ ከ2013 ማብቂያ በኋላ በነበረው ጊዜ ነው። ያኔ መኪናው ሁሉ በየግቢው ሸራ ለብሶ ቆመ፤ መንገዱን ጋሪና ብስክሌት ወረሱት። ብስክሌቱስ ደግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የዚህችው ከተማ ልጅ ነው፣ መቀሌ በፔዳል አታፍርም። ያኔ የሚንቀሳቀስ ከባድ መኪና ከታየ በአፋር በኩል፣ በአብዓላ አድርጎ የመጣ እርዳታ የጫነ ነበር፤ እሱም በሰልፍ ይመጣ፣ በሰልፍ ይቆም ነበር። ሰላሙ ከወረደ በኋላም ማደያው ፊት ያለው መስመር ቶሎ አላጠረም። ልጁ ካየው መኪና ብዙው የቆመ ነው። እኔ የመኪና ችግር የምለውን እሱ የመኪና አካል አድርጎ ያየዋል፤ ጎማ፣ መሪ፣ ሰልፍ።

ከሰልፉ ዳር ደግሞ ሌላ ልጅ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ይዞ ተቀምጧል፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ከማደያው ጋር ምንም እንደማይተዋወቅ። ለቸኮለ ሰው እሱ ይሸጣል፤ በሦስት እጥፍ። የማደያው በነፃ ነው። የነፃ ሦስት እጥፍ ስንት እንደሚመጣ አስልቼ ሳልጨርስ ከአንዱ ሁለት ቆርኪ ተቀበለ።

ከማደያው ቀጥሎ ሚዛን አለ። ጣውላ በድንጋይ ላይ ተጋድሟል፤ በአንዱ ጫፍ ግማሽ ብሎኬት፣ በሌላው መኪናው። ብሎኬቱን ያነሳ መኪና ከልክ በላይ ጭኗልና ያራግፋል። ከዚያ ቦሎ ይታያል። ቦሎው ከማስቲካ ወረቀት የተቆረጠ ነው፣ በየወሩ ቀለሙ ይለወጣል፤ ማን እንደሚለውጠው አይታወቅም። አንዴ ከሁሉም ቀድሞ ከታች የደረሰ መኪና ቦሎው ያለፈበት ሆኖ ተገኘና ሁለተኛው አሸናፊ ተባለ። የተነጠቀው ልጅ አላለቀሰም። ዓይኑን በጨው አጥቦ «ቦሎው ጋቢና ውስጥ ነው ያለው፣ ረስቼው ነው» ሲል ሰማሁት። ይህን ቃል ለቃል ከማን እንደተማረው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የእኛ ልጆች ብቻ እንዲህ የሆኑ እንዳይመስላችሁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ማንሃተን ቢች በምትባል ከተማ ዶን መርፊ የተባለ አባት ነበር፤ ልጁ ተሳፍረውበት በሚነዳው የሞተር አልባ መኪና ውድድር ለመግባት ዕድሜው አልደረሰም ተባለ። አባትየውም እ.ኤ.አ. በ1953 ለትንንሾቹ ስካውቶች ከጥድ እንጨት ተጠርባ በተዘቀዘቀ ሐዲድ ላይ የምትለቀቅ ትንሽ መኪና አሰበላቸው። እስከ ዛሬ ይወዳደራሉ። እዚያም ሚዛን አለ፤ መኪናዋ ከ142 ግራም ገደማ ማለፍ የለባትም። አባቶች ሌሊት ተነስተው ሆዷን እየቦረቦሩ ክብደት ይጨምሩላታል፣ ግራም በግራም። ልጁ ተኝቷል።

ሰው የሚሳፈርበት ትልቁ ውድድር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ኦሃዮ ውስጥ አክረን በተባለ ከተማ ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 ያሸነፈው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መኪና አነሳሱ ከሌሎቹ በጣም ፈጠነና ተጠረጠረ። በራጅ ሲያዩት አፍንጫው ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት ተቀብሯል። መነሻው ላይ መኪኖቹን አግዶ የያዘው ብረት ወደ ፊት ሲወድቅ ማግኔቱ ብረቱን ተከትሎ መኪናውን ይስበዋል። ዋንጫውን ተነጠቀ። ከነገሩ ጀርባ የነበረው የልጁ አጎት ነው። እኔ በበኩሌ አልደነቀኝም። መዶሻው እጅ እንደቀየረ ገብቶኛል።

የእኛዎቹ ማግኔት አጥተው አይደለም። ከተቃጠለ ስፒከር ያወጡት አላቸው። ለውድድር ግን አያባክኑትም፤ አናጢው ደጃፍ የወደቀ ሚስማር መልቀሚያ ነው።

ከሚዛኑና ከቦሎው በኋላ፣ ቁልቁለቷ ከመጀመሯ በፊት፣ ኬላው ይመጣል። መንገዱን አቋርጦ የተወጠረ ገመድ ነው፣ አንዱ ጫፍ ከስልክ እንጨት ታስሯል፣ ሌላውን አንድ ልጅ ይዞታል። ገመዱን የያዘ ልጅ መኪና የለውም። ግን ከባለ መኪኖቹ ሁሉ የሚከበረው እሱ ነው፤ ዘርፉ የተገፈፈ መጋረጃም፣ ቡሎኑ የተፈታ በርም ሳያስፈልገው ከሁሉም ቆርኪ ይሰበስባል። ደግሞም ኬላ ከመኪና በፊት የነበረ ነገር ነው። መቀሌ ገበያዋ በጨው ነው የደመቀው፤ ከአፋር በረሃ አሞሌ ጭኖ የሚወጣው ግመል ከዳሎል ሜዳ እስከዚህ ሲደርስ በየመንገዱ ይከፍል ነበር። ግመሉን መኪና ተካው። የሚከፈለውን የተካ የለም።

ገመድ የሚይዘው ልጅ አባት የእውነት ሹፌር ነው፣ ጅቡቲ የሚመላለስ። ያንን ከአላማጣ በላይ ያለውን ጠመዝማዛ፣ ግራ ካሕሱን፣ ከነተሳቢው ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ይህ ሰው ስለ ቁልቁለት የሚያውቀው ትልቁ ነገር አለመፍጠን ነው፤ ከባድ ማርሽ ይዞ፣ ፍሬኑን ሳያግል፣ እያንሾካሾከ መውረድ። ልጆቹ መኪናቸውን ለቀው ሲጮሁ እሱ እግሩ ሳይታወቀው መሬቱን ይረግጣል። አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ፤ ቀኝ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ስለ መኪኖቹ ግን አስተያየት የማይሰጥ የሰፈራችን ብቸኛ ሰው ነው። አንዴ ብቻ ጎንበስ ብሎ የአንዱን ልጅ ጭነት ገመድ ፈታና እንደ አዲስ አሰረው፣ ሹፌሮች በሚያስሩት አስተሳሰር። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ያንን ቋጠሮ ላለመፍታት ድንጋዩን እንደታሰረ ተዉት፤ መኪናው አርጅቶ ሲፈርስ ቋጠሮው ከነድንጋዩ ለሌላ መኪና ተሸጠ።

ባለፈው እሑድ ይኸው ሹፌር ከመንገድ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ሸበጥ አድርጎ ወደ ሱቅ ሲወርድ አገኘሁት። ሰላምታ እየተለዋወጥን አብረን ወረድን። ስለ ጅቡቲ ሙቀት እየነገረኝ ገመዱ ጋ ደረስን። ገመዱ አልወረደም።

«ኮቴ!» አለ ልጁ። አባቱ መሆኑን ያላወቀ መስሏል።

ሹፌሩ ወሬውን አላቋረጠም። ፊቱን እንኳ አላዞረም። ስለ ሙቀቱ እየነገረኝ እጁ ብቻውን ኪሱ ገባ፣ አንድ ብር አወጣ፣ ዘረጋ። ልጁ ተቀበለ። ያን ጊዜ ነው ሹፌሩ ቆም ብሎ እጁን ያየው። ቀጥሎ ልጁን አየው።

«ደረሰኙስ?» አለው።

«አልቋል። ሰኞ ይምጡ።»

ገመዱ ወረደልን። እኔ በነፃ አለፍኩ፤ እግረኛ ተብዬ። ሹፌሩ ከሱቅ ስኳር ይዞ ሲመለስ ደግሞ የመግቢያ ተጠየቀ።